ከተማን ያጸና ጎረቤት፤ የአዲስ አበባ ሰፈርና ዕድር በታሪክ

፩፤ የቃሉ ነገር

«ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ ከያዘው ትርጉም በፊት ሌላ ትርጉም ነበረው። «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፥ በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ወይም መስፍን ከነሠራዊቱ ድንኳኑን ተክሎ የሚቀመጥበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። «ሰፈር» የሚለውም ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ የዚሁ ዘመድ ነው፤ በከተማው ውስጥ እያንዳንዱ መኰንን ከነጭፍራው የሚያርፍበት ክፍል ሰፈር ይባል ነበር። ንጉሡ የተነሣ እንደ ሆነ ከተማው ይነሣል፤ ንጉሡ የሰፈረ እንደ ሆነ ከተማው ይሰፍራል። እንደ አክሱም፥ እንደ ሐረርና እንደ ጎንደር ያሉ ጸንተው የኖሩ ከተሞች መኖራቸው የታወቀ ቢሆንም፥ ብዙዎቹ ነገሥታት የኖሩት በእንዲህ ያለ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። የከተማውም ዕድሜ የሚለካው በአካባቢው በሚገኘው እንጨት፥ ሣርና እህል ነበር፤ እነዚህ ሲያልቁ ድንኳኑ ይነቀላል።

ከዚህ የተነሣ ስለ አዲስ አበባ ታሪክ ሲመረመር፥ ማን ቈረቈራት ከሚለው ይልቅ የበለጠ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። ይኸውም፥ ከእርስዋ በፊት የነበሩት የሸዋ ከተሞች ተራ በተራ ሲለቀቁ እርስዋ ሳትለቀቅ እንዴት ቀረች የሚለው ነው። በዘመናችን ስለ ከተሞች የሚያጠኑ ሊቃውንት፥ ሀብቷን ሳትጨርስና ሕዝቧን ሳትበትን ለልጅ ልጅ የምትተርፈውን ከተማ «ዘላቂ ከተማ» ይሏታል፤ እንዲህ ያለችውም ከተማ ያለ ነዋሪዎቿ ተሳትፎ እንደማትሠራ ይናገራሉ። ነገሩ ለአዲስ አበባ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከተማይቱን ከመነሣት ያዳኗት ሁለት ነገሮች፥ አንደኛው በየአጥሩ የተተከለው ባሕር ዛፍ፥ ሁለተኛው በየሰፈሩ የተመሠረተው ዕድር፥ ሁለቱም በነዋሪው እጅ የተሠሩ ናቸው። ኋላ ግን የከተማ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች መሬቱን ሲለኩ ጎረቤትነቱን ሳይቈጥሩ ቀርተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በታሪክ ተራ መመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፪፤ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ ከልቼም ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሲዘዋወሩ ቆይተው፥ በ1870ዎቹ ዓመታት እንጦጦ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ጠላትን አሻግሮ ለማየት የሚመች አምባ ነው፤ ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነው፤ ውሃና እንጨትም በሩቅ የሚገኝ ነበር። ከተራራው ግርጌ ያለው ፍልውሃ ግን ለመታጠቢያና ለፈውስ የሚፈለግ ስለ ነበረ፥ መኳንንቱና ቤተ መንግሥቱ ወደ ሜዳው መውረድን አዘወተሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አድርገው ስፍራውን «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፥ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ነበር።

አዲሲቱ ከተማ የተከተለችው ያንኑ የድንኳን ከተማ ሥርዓት ነው። ግቢው ከፍ ባለው ቦታ ተሠራ፤ ለየመኳንንቱ ደግሞ በየኮረብታው ቦታ ተመራላቸው፤ እነርሱም ከኮረብታው ላይ እልፍኛቸውን ሠርተው ወታደራቸውን፥ አገልጋያቸውንና ዘመዳቸውን በዙሪያው አሰፈሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ፥ ገደል ወይም ባዶ መስክ ነበረ። የራስ መኰንን፥ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፥ የደጃች ውቤ፥ የራስ ብሩ ሰፈር እየተባለ የተጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላውም ሰፈር በነዋሪው ሥራ ተጠራ፤ በግቢው ዘንድ ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የሚሠሩት የተቀመጡበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ ሠራዊቱ፥ ነጋዴውና የውጭ አገር ሰው ስለ በዛ፥ በመካከል የነበሩት ባዶ መስኮች መሞላት ጀመሩ።

ከዚህ አሰፋፈር አንድ ትልቅ ውጤት ተወለደ። የአዲስ አበባ ሰፈር በሀብት የተለየ ሰፈር ሳይሆን ቀረ። የመኰንኑ ባለ ሰገነት ቤትና የጭፍራው ጐጆ በአንድ ኮረብታ ላይ ነበሩ፤ ባለጠጋውና ድኻው በአንድ መንገድ ይወጣሉ፥ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፥ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ። ይህ ሥርዓት የእኩልነት ሥርዓት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ጌታና ሎሌ የነበሩ ሰዎች አሰፋፈር ነውና። ሆኖም ጌታው ከሞተና ሎሌነቱ ከቀረ በኋላ እንኳ ጎረቤትነቱ ሳይፈርስ ቀርቶ፥ ልዩ ልዩ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ጐን ለጐን የሚኖሩበት ሰፈር ለልጆቻቸው ተላለፈ። ዕድር የተባለው ማኅበር የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው።

፫፤ ባሕር ዛፍ

አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀድሞዎቹን ከተሞች ያስነሣ ችግር ደረሰባት። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀ፤ እንጨት ከሩቅ በሰውና በእንስሳ ሸክም የሚመጣ ሆነ። ስለዚህም ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ዕንጨት በሚገኝበት አገር አዲስ ዓለም የተባለውን ከተማ ጀመሩ፤ ቤተ መንግሥትም ይሠራ ጀመር። የጥንቱ ልማድ ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ እንደ ልቼ በታሪክ ጸሐፊ ብቻ የምትታወስ ስፍራ በሆነች ነበር።

ነገር ግን ሁለት ነገር ከለከለ። አንደኛው፥ መኳንንቱ፥ ነጋዴዎቹና የውጭ መንግሥታት መልክተኞች በድንጋይና በእንጨት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበትን ቤት ትተው ለመሄድ አለመውደዳቸው ነው። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ግድም ያስገባው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። ምኒልክ ችግኙ በጥቂት ዋጋ እንዲሰጥ፥ ዛፉ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቈረጥም ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከተማይቱ ኮረብታ ሁሉ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የትእዛዙና የሥራው አከፋፈል ነው። መንግሥት የሠራው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ችግኝ አቀረበ፥ ግብር አስቀረ። የቀረውን የሠራው ባለ ቤቱ ነው። በአጥሩ ሥር የተከለው ዛፍ ለቤቱ ማገርና ምሰሶ፥ ለምድጃው ማገዶ፥ ለክፉ ቀንም የሚሸጥ ገንዘብ ሆነለት፤ ስለዚህ ጠባቂ ሳይቀጠርለት ጠበቀው። የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት የሚሠራው ከዚሁ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ይተከላል፥ ማገሩ ይማገራል፥ ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ጭቃ የማቡካቱና የመምረጉ ሥራ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ ይፈጸማል፤ ባለቤቱም አብልቶና አጠጥቶ ያሰናብታል። ስለዚህ በከተማይቱ ውስጥ ካለው የጭቃ ቤት ብዙው የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም የብዙ ሰው ሥራ ነው።

ባሕር ዛፍ ጉድለት የለበትም አይባልም። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንዲያድግ እምብዛም አይፈቅድም። የማገዶውም ሸክም በድኻ ሴቶች ጀርባ ላይ ወደቀ፤ ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የከተማይቱን ምድጃ ለብዙ ዘመን ሲያነዱ ኖረዋል። ከተማ ስትጸና ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ተግባር ነውና፥ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

፬፤ ዕድር

ዛፍ ከተማን ሊያቆም ይችላል፤ ሰውን ግን ከሰው ጋር አያስተሳስርም። በገጠር ሰው ሲሞት የሚቀብሩት ዘመዱና የደብሩ ሰው ናቸው። ወደ ከተማ የመጣው ሰው ግን ከጉራጌ፥ ከመንዝ፥ ከወለጋ፥ ከጎጃም ወይም ከሌላው አገር ዘመዱን ትቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ከተሜው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ነገር ያለ ቀባሪና ያለ አልቃሽ መሞት ነበር። ዕድር ለዚህ ፍርሃት የተሰጠ መልስ ነው።

ስለ ዕድር አጀማመር የሚሰጠው ሐሳብ አንድ አይደለም። አንዳንዶች መነሻውን በገጠር ከነበረው የመረዳዳት ልማድ ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ በከተማይቱ መጀመሪያ ዘመን ለሥራና ለንግድ የመጡ የጉራጌ ተወላጆች እንደ ጀመሩት ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ቁርጥ መዋጮ፥ የአባላት መዝገብና የተጻፈ ደንብ ያለው ዕድር የከተማ ልጅ እንደ ሆነ፥ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህም እጅግ እንደ ተስፋፋ ብዙዎች ይስማሙበታል። ከማኅበርና ከዕቁብም ይለያል። ማኅበር በጻድቁ ወይም በታቦቱ ስም የሚጠጣ ጽዋ ነው፤ ዕቁብ ገንዘብ በየተራ የሚወጣበት ነው፤ ዕድር ግን የሞትና የመከራ ቀን ማኅበር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕድርተኞች ከመካከላቸው ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። በየወሩ ቁርጡ ይከፈላል፤ ከሚጠራቀመውም ገንዘብ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ድስትና ሌላውም ዕቃ ይገዛል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጥሩምባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሰፈሩ እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሞተውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ያስታውቃል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፥ መቃብር ያስቈፍራሉ፥ ሬሳውን ያጅባሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፥ እንጀራ ይጋግራሉ፥ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ከቀብር የቀረውን ሰው ለማወቅ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ለሐዘንተኛው ቤት የሚሰጠው ገንዘብ በደንቡ የተወሰነ ነው። በብዙ ሰፈር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዕድር ይገባሉ፤ እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ሥርዓት ይቀበራል፥ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ለባለ ሥልጣኑም ለቀን ሠራተኛውም ቁርጡ እኩል ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ከቀብር ቢቀር ስሙ እንደ ሌላው ተጠርቶ ይቀጣል። በጌታና በሎሌ አሰፋፈር የተጀመረው ሰፈር በዕድር መዝገብ ላይ እኩል መሆንን የተማረው በዚህ ዓይነት ነው።

የዕድር ሀብት ምን እንደ ሆነ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። በሣጥኑ ወይም በባንክ ያለው ገንዘብ ከሀብቱ ጥቂቱ ነው። አንዲት ሴት አርባ ዓመት ሙሉ ቁርጧን የከፈለች፥ የጎረቤቶቿን ሬሳ የሸኘች፥ ንፍሮ የቀቀለች እንደ ሆነ፥ ይህ ሁሉ ተቀምጦ የሚቈያት በጎረቤቶቿ ላይ ባላት ብድር ነው። ብድሩ የሚመለሰው እርስዋ በምትሞትበት ቀን ነው፤ ከፋዮቹም በአንድ ጥሩምባ ድምፅ ርቀት ውስጥ መኖር አለባቸው። እነርሱ ከተበተኑ ብድሩ ይጠፋል፤ የሚከሰስበትም ዳኛ የለም።

ዕድር ያለ ነቀፋ አይደለም። በመዝገቡ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ስለ ሆነ፥ የሴቶች ዕድር ለብቻው ከሌለ በቀር ሴቲቱ ድካሙን እንጂ ድምፁን አታገኝም ነበር። ቁርጡን መክፈል ያልቻለ እጅግ ድኻም ከውጭ ይቀራል። ይህም ሆኖ የድኻውን ቤት ከባለጠጋው ቤት ጋር ይህን ያህል ያገናኘ ሌላ ማኅበር በከተማይቱ አልታየም።

፭፤ መሬት የሚለኩ ፕላኖች

ከተማይቱን ከነዋሪዎቿ ለይቶ የተመለከተ የመጀመሪያው ፕላን የወራሪው ፕላን ነው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ፥ ጊዲና ቫሌ የተባሉ የሕንፃ ነዳፊዎች አዲስ ፕላን አዘጋጁ። የፕላኑ መሠረት ነጭና ጥቍር እንዳይቀላቀሉ መለየት ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የሚባለው ሆነ፤ አገሬውም በዚያው አካባቢ፥ በአዲስ ከተማ በኩል፥ እንዲሰፍር ታሰበ። በዚያው ዘመን፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ተገደለ፥ ብዙ ቤትም ተቃጠለ። የመረዳዳት ማኅበር በዚህ ዘመን መስፋፋቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ መንግሥት ጠላት በሆነበት ቀን ሰው የሚጠጋው ወደ ጎረቤቱ ነው። ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. ሲባረሩ ፕላናቸው ሳይፈጸም ቀረ፤ ገበያው ግን በተዛወረበት ቀረ።

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ በፍጥነት አደገች። በ1954 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ ከ440,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፥ ቦልተን ሄነሲ የተባለው ድርጅትና ፈረንሳዊው ደ ማሪየን በየተራቸው ማስተር ፕላን አወጡ። ፕላኖቹ ሰፋፊ መንገዶችንና አደባባዮችን አሳዩ፤ ይሁን እንጂ የከተማው መሬት በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ የተያዘ፥ ነዋሪውም አብዛኛው ተከራይ ስለ ነበረ፥ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፥ ቦይና የውሃ ቧንቧ ወደ ብዙው ሰፈር ሳይደርስ ቀረ።

ይህን ጉድለት መሙላት የጀመረው ዕድር ነው። ሰው ሬሳ ይዞ በጭቃ መንገድ ላይ ሲንሸራተት ስለ መንገዱ ይነጋገራል። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ የአንድ አካባቢ ዕድሮች እየተባበሩ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማስጠረግ፥ ድልድይ ማሠራት፥ ቧንቧ ማስገባት፥ የሰፈር ዘበኛ መቅጠር፥ ትምህርት ቤት መርዳት ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤቱም ሹማምንት ይህን አይተው ለሰፈር ልማት ከዕድሮች ጋር መሥራትን ሞከሩ። ሕጉም ማኅበራትን ተመለከተ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራትን ሥርዓት ወሰነ፥ በ1959 ዓ.ም. የወጣውም ደንብ ማኅበራት እንዲመዘገቡ አዘዘ። እንዲህ ባለ ዓይነት በታችኛው ሰፈርና በላይኛው ሹም መካከል ጠባብ መንገድ ተከፍቶ ነበር።

፮፤ ከዕድር ወደ ቀበሌ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ተከራዩን ከባለ ርስቱ ስላላቀቀው በብዙ ድኻ ዘንድ በደስታ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ዐዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተባለውን፥ በኋላ በሕዝቡ አነጋገር ቀበሌ ተብሎ የቀረውን፥ አቋቋመ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች እንዲያስተዳድር፥ መንገድ፥ መጸዳጃ ቤት፥ ሱቅና መዋለ ሕፃናት እንዲሠራ ሥልጣን ተሰጠው። ዕድር የልማት ሥራውን ለቀበሌ ለቅቆ ወደ ቀብር ብቻ ተመለሰ።

በመጀመሪያ ዓመታት ቀበሌዎች ብዙ ሥራ እንደ ሠሩ መካድ አይገባም። ነገር ግን ሁለት ነገር አደከማቸው። አንደኛ፥ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ አልተገኘም፤ ነዋሪውም የራሱ ያልሆነውን ቤት እንዲያድስ የሚያደፋፍረው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ጭቃ ቤቶቹ በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ሁለተኛ፥ ቀበሌ የነዋሪው ማኅበር መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ክንድ ሆነ፤ ሰው ወደ ስብሰባው የሚሄደው ስለ ወደደ ሳይሆን ስለ ፈራ ሆነ። በዕድር የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ደንቡን ያወጣው ግን ራሱ ነው። የቀበሌን ደንብ ያወጣው ሌላ ነበር። ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ሰፈር፥ በአንድ ሕዝብ መካከል ቆመው ሳለ ልዩነታቸው በዚህ ይታወቃል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቀበሌው መልኩን ለወጠ፤ የዕድር ጥሩምባ ግን በልማዱ ይነፋ ነበር።

በዚህ ዘመን መካከል የተለየ ምሳሌ ታይቷል። በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በወይዘሮ ጀምበር ተፈራ መሪነት የተካሄደው ሥራ፥ የደከመውን ሰፈር አፍርሶ ነዋሪውን ከማስነሣት ይልቅ በነበረበት ማሻሻልን መረጠ። መጸዳጃ ቤትና ቦይ ሲሠራ፥ ጎጆ ሲጠገን፥ ጤናና ትምህርት ሲዳረስ፥ ነዋሪው በምክርም በጕልበትም ይሳተፍ ነበር። ድኻ ሰፈር ሳይበተን ሊድን እንደሚችል ይህ ሥራ በተግባር አሳየ። ከዚያም በኤድስ ዘመን፥ በ1990ዎቹ ዓመታት፥ ሞት ሲበዛ የዕድሮች ሣጥን ተራቈተ፤ አንዳንዶቹም ሙታንን ብቻ ከመቅበር አልፈው በሽተኛን ማስታመምና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። የሞት ማኅበር የሕይወት ማኅበር ለመሆን እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

፯፤ የጋራ ሕንፃ ዘመን

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ሆነ። የቤት ችግር እጅግ ስለ ጸና፥ በ1997 ዓ.ም. ግድም ኮንዶሚኒየም የተባሉትን ባለ ፎቅ ቤቶች በብዛት መሥራት ተጀመረ። እነዚህ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ መሆናቸው ታላቅ ነገር ነው። ነዳፊዎቹም ልማዱን ፈጽመው አልዘነጉም፤ በየሕንፃዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፥ ከብት የሚታረድበት፥ ሐዘንና ደስታ የሚደረግበት የጋራ ቤት እንዲኖር አሰቡ። በዐዋጅ ቁጥር 370/1995ም የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖራቸው ተደነገገ። በ2000ዎቹ ዓመታት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በኮብልስቶን ሲነጠፉ ደግሞ ነዋሪው ከወጪው ድርሻውን ያዋጣ ነበር፤ ይህም የጥንቱን የሰፈር መዋጮ የሚያስታውስ ነው።

ነገር ግን ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው። ዕጣ አድልዎ ስለሌለበት ፍትሕ ነው፤ ሆኖም የሚያየው አንድ ሰውን እንጂ ሰፈርን አይደለም። አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሲነሣ፥ በአንድ ድንኳን የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ በምሥራቅ ዳር፥ ሌላው በደቡብ ዳር፥ ሌላው በኪራይ ቤት ተበተኑ። ብዙዎች የቀድሞ ዕድራቸውን ላለመተው ሲሉ ቁርጣቸውን ለመክፈልና ቀብር ለመድረስ በሁለትና በሦስት ታክሲ ሲመላለሱ ታይተዋል፤ የዕድሜ ልክ ብድራቸው ያለው እዚያ ነውና። ሌሎችም በአዲሱ ሕንፃ አዲስ ዕድር መሥርተዋል። ይህ የባህሉን ጥንካሬ ያሳያል፤ ነገር ግን በሸመገለ ዕድሜ ዕድርን እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ለወጣትና ለአሮጊት እኩል አይደለም።

ሕግ አውጪውም ይህን ጉዳት በመጨረሻ ሳይመለከተው አልቀረም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሣ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011፥ ከቤቱና ከንብረቱ ግምት ሌላ፥ ማኅበራዊ ትስስር ስለ መቋረጡ ካሣ እንዲኖር ደነገገ። በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጎረቤትነት ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑ በነጋሪት ጋዜጣ ተጽፏልና። ይሁን እንጂ ካሣው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው በገንዘብ ነው፤ የጠፋው ነገር ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው የማይቻለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በአራት ኪሎና በሌሎችም ጥንታዊ ስፍራዎች የኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ ይኸው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። መንገዱ ሰፋ፥ የእግረኛ መሄጃውም አማረ፤ የምኒልክ ዘመን ሰፈሮች ነዋሪዎች ግን ከተማው ዳር ወዳሉት ቤቶች ተዛወሩ።

፰፤ መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስተምረው ከተማ አይለወጥ፥ አሮጌ ቤት አይፍረስ ማለትን አይደለም። የጭቃ ቤት ያረጃል፤ መጸዳጃ የሌለው ሰፈርም ለሰው ልጅ የሚገባ ሰፈር አይደለም። ታሪኩ የሚያሳየው፥ መንግሥትና ነዋሪ ሥራቸውን በተካፈሉበት ጊዜ ከተማይቱ እንደ ጸናች ነው። ምኒልክ ችግኙን ሰጥተው ተከላውን ለባለ ቤቱ ተዉ፤ ዛፉ ጸደቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ከዕድሮች ጋር በተመካከረበት ዘመን መንገድ ወጣ፥ ቧንቧ ገባ። የነዋሪው ማኅበር በዐዋጅ ከላይ በተተከለ ጊዜ ግን ሥራው በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠወለገ።

ስለዚህ አንድን ሰፈር ለማሻሻል ወይም ለማዛወር የሚያስብ መሐንዲስ ከመለኪያው ገመድ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ መዝገብ አለ። ይህም የዕድሩ መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፥ ስንት ዓመት አብረው እንደ ኖሩ፥ ማን መበለት፥ ማን ጧሪ የሌለው እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን የሚያሳይ ማስተር ፕላን እስከ ዛሬ አልተሣለም። መነሣት የግድ የሆነ እንደ ሆነም፥ ዕጣው ለአንድ ሰው ከመውጣት ይልቅ ለዕድሩ በሙሉ ወጥቶ፥ ዕድርተኞቹ በአንድ ሕንፃ ወይም በተቀራረቡ ሕንፃዎች ቢሰፍሩ፥ ድንኳናቸውና ድስታቸው ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፤ የአርባ ዓመቱም ብድር ከፋይ አያጣም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በሰፈር ሲተረጐም ይህን ይመስላል። ጥንት ከተማ ሲነሣ መኰንኑ ከነጭፍራው፥ ጭፍራውም ከነጓደኛው ተነሥቶ በአዲሱ ቦታ እንደ ቀድሞው ተራውን ጠብቆ ይሰፍር ነበር። ድንኳን ነቃዩ ዘመን ያውቀው የነበረውን ሥርዓት፥ በድንጋይና በስሚንቶ የሚሠራው ዘመን ሊረሳው አይገባም።